ባዶ አልጋ ማናገር

ጡረታ የወጣሁት በቅርቡ ነው። መሸኛ ተደረገልኝ፣ ኬክ ተቆረጠ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፤ ስለ አንዲት የማላውቃት ደግና ትዕግሥተኛ ሴት ሲያወሩ አዳመጥኩና ቤቴ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። ለወጣት ነርሶች በሚሰጠው የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ላይ «የረጅም ዘመን ልምድሽን አካፍይን» ተባልኩ። ዛሬ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሥልጠና ነጥብ ማሟላት ግድ ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ፣ አዲስ መመሪያ ሲወጣ ስለ ማንበብ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ዋናውን ነገር ግን ዋጥኩት። ዋናው ነገር ስለ ባዶ አልጋዎች ነው፤ ፕሮጀክተር ፊት ቆመው የሚያወሩት ዓይነት አይደለም። አሁን ተቀምጬ ስጽፈው እንኳ የክንዴ ፀጉር ይቆማል።

የተወለድኩት መተከል፣ ቡለን ገጠር ነው። ቤታችን የሚወራው ሺናሽኛ ነበር፤ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። ነርስነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ፓዌ ነው። እዚያ ሰፋሪው ሁሉ የመጣበትን አገር ቅላጼ እንደያዘ ነው፤ የወሎውም የከምባታውም በየራሱ ያወራል። ወባ ሲይዛቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣሉ። የመጀመሪያው አለቃዬ ቀጥ ብሎ የተነጠፈ አልጋ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የአንሶላው ጫፍ እንደ ፖስታ ካልታጠፈ ያስፈቱናል። ሰው ሲሞት ዘመድ አልቅሶ ከግቢው ሳይወጣ አልጋው ተነጥፎ ሌላ በሽተኛ እንዲተኛበት ይፈልጋሉ። እጄ ፈጣን ስለነበር ተወደድኩ። ደመወዙ ያው ደመወዝ ነው፤ ምስጋናው ግን ያስደስተኝ ነበር። መፍጠን ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ከፓዌ ወደ ባምባሲ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ባምባሲ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች የማይመጣባት ሰው የለም፤ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ከገጠር በቃሬዛ የሚመጣው። ኦሮምኛ የሚናገሩት «ና ዱኩባ» ይሉኛል፣ ያመኛል ማለታቸው ነው። የት እንደሆነ ለመግለጽ ቋንቋ ሲያጥረን እጄን ሆዳቸው ላይ አሳርፌ ፊታቸውን አያለሁ። እጅ ብዙ ነገር እንደሚያውቅ የገባኝ እዚያ ነው። ያም ሆኖ መርፌዬን ወግቼ፣ ካርዱ ላይ ጽፌ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበር። ያለፈውን ሰው መልሼ አላስበውም። ማሰቡ ጊዜ ማባከን መስሎ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል ገባሁ። የሆስፒታሉን ስም ልተወው፤ አሁንም የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። ሜትረን ሙሉነሽን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሜትረን ማለት የነርሶች ሁሉ አለቃ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቀጭንና ረጅም ሴት ነበሩ። የላስቲክ ሶል ጫማ ስለሚያደርጉ ሲመጡ አይሰሙም። ዞር ስትሉ አጠገባችሁ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ከአንድም ሁለት ጊዜ በድንጋጤ የመርፌ ሳሕን ጥያለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አካባቢ፣ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንቋቋው፣ የታጠበ አንሶላ ታቅፌ ወደ ወንዶች ክፍል ገባሁ። ጠዋት አንድ ሰውዬ ሞቶ ሬሳው ወጥቷል፤ እኔም እንደ ልማዴ አልጋውን ቶሎ ላነጥፍ ነው። ሜትረን ከባዶው አልጋ ግርጌ ቆመዋል። አልጋውን ያናግሩታል።

«ትናንት ሳይህ ከንፈርህ ነጣ ብሎ ነበር» ይሉታል በዝግታ። «አይቻለሁ። ደም ማነስ ነው ብዬ አለፍኩ።» ዝም አሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ከዚያ አንድ ሰው የመለሰላቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ። ሰገራህ ጠቁሮ እንደሆነ አልጠየቅሁህም። ሆድህ ውስጥ እየደማህ ነበር።»

አንሶላውን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። ሴትዮዋ ለይቶላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ አልጋው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ባሰብኝ። በፕላስቲክ የተሸፈነው ስፖንጅ ላይ የሰውየው ጀርባና ዳሌ ያረፈበት ቦታ እንደተሰረጎደ ነው። ሳየው ቀስ እያለ ይነሳል፤ ውስጡ ሰው ኖሮ በትከሻው የሚገፋው ይመስላል።

«አንሶላውን ያዢው» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ስርጉዱ ሳይሞላ ልጨርስ።»

በኋላ አስረዱኝ። በእሳቸው ክፍል ሰው የተነሳበት አልጋ ሳይናገሩት አይነጠፍም። ያስታመመችው ነርስ ግርጌው ትቆምና ምን እንዳየች፣ ምን እንዳደረገች፣ ምን ሳታይ እንዳለፈች፣ ለሚቀጥለው ሰው ምን እንደምታደርግ ጮክ ብላ ትናገራለች። የሞተም ይሁን ድኖ የሄደ ለውጥ የለውም። ድኖ ሲሄድ ለምን እንደዳነ ካላወቅሽ አንቺ አላዳንሽውም ይሉኝ ነበር። በሆዴ ላስበው አልኳቸው። ሰው በሆዱ ሲያስብ ራሱን ያቆላምጣል አሉኝ፤ አፍ ሲያወጣው ግን ጆሮም ይሰማዋል።

የእኔ ተራ የደረሰው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ድኖ ሲወጣ ነው። ግርጌው ቆምኩ፤ ሜትረን ከኋላዬ ናቸው። አፍሬ ልሞት። የሰጠሁትን መድኃኒት፣ ያጠብኩትን ቁስል ደረደርኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ጉራ ነበረበት። ስጨርስ ዝም አልኩ። ባዶ አልጋ አይቆጣም፣ አያባብልም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚያስፈራው መጠበቁ ነው። ዝምታው ሲረዝምብኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ፤ «አንድ ቀን ሳላገላብጥህ ወጣሁ። ወገብህ ላይ የተላጠው ቆዳ የእኔ ጥፋት ነው።» ይህን ስል ፕላስቲኩ ቋ አለና ስርጉዱ ሞላ። አሮጌ ስፖንጅ ነው፣ ሙቀት ነው፣ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አላወቅሁም፤ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ ነርስነቴ ተለወጠ። አልጋው ፊት መልስ ያጣሁለትን ነገር መጽሐፍ ከፍቼ ሳላነብ ወደ ቤቴ መሄድ የለም፤ ሜትረን በር ላይ ቆመው ይጠይቁኛል። ሐኪሞቹን መጠየቅ ለመድኩ፤ አንዳንዶቹ ተሰላቹብኝ። ሥልጠና ሲመጣ ለአበሉ ብቻ የምሄድ ሴት የነበርኩት የራሴን ጥያቄ ይዤ መግባት ጀመርኩ። ሁሉም ግን እንደ እኔ አልወደደውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ሜትረን ሲያወሩ ከሰማች አማትባ ትወጣለች። ሙስሊሞቹ በሽተኞች ሴትዮዋ ከጂን ጋር ነው የሚያወሩት አሉ። ቀስ በቀስ ወሬው መልክ ያዘ፤ ሙሉነሽ ያናገሩት አልጋ ላይ ነፍስ አይቀርም ተባለ። ባዶ አልጋ ላይ ቀድሞስ ምን ነፍስ ነበረና ብዬ እስቅ ነበር።

ሳቁ የቀረው የሐሰን ጊዜ ነው።

ሐሰን ትንሽ ልጅ ነው፤ እናቱ ዘሃራ ከአሶሳ ዙሪያ ገጠር የመጣች በርታ ናት። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ እየተንዘፈዘፈ ነው ያመጡት፤ የልጆች ክፍል ስለሞላ እኛ ጋ አስተኛነው። በዚያን ጊዜ ለከባድ ወባ የምንሰጠው ኩዊኒን የሚባል መድኃኒት ነበር፣ በደም ሥር፣ በጠብታ። በግሉኮስ ተበጥብጦ ነው መሰጠት ያለበት፤ በእኛ ክፍል ግሉኮስ አልቆብን በጨው ውሃ ሰጠነው። ልጁ ሲንዘፈዘፍ፣ ሲጮህ ከቆየ በኋላ ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ጸጥ ብሎ ተኛ። ሁላችንም ደስ አለን። እኛ ዘንድ ላብ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት ነው። ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ግንባሩን ትጠርጋለች። እኔም ይተኛ፣ አትቀስቅሺው አልኳት።

ሜትረን በዝግታ መጥተው አልጋው ግርጌ ቆሙ። ልጁን አዩት፣ ዘንበል አሉ፣ ከዚያ በዚያው ለባዶ አልጋ በሚያወሩበት ድምፅ ጀመሩ።

«ሐሰን፣ ላብህን አየሁት። ነካሁህ። ላብህ ቀዝቃዛ ነው። ትኩሳት የለቀቀው ልጅ ላቡ ይሞቃል።»

ሕያው ሰው የተኛበትን አልጋ ሲያናግሩ ያየ ማንም የለም። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ጫማውን ይዞ ወጣ። ዘሃራ ልጇ ላይ ተደፋችበት።

«ይሄ ሴትዮ ልጄን ለምን እንደ ሬሳ ያናግራል?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ወላሂ፣ ልጄ አልሞተም። አውጡት እሱን።»

አብሯቸው የመጣው የልጁ አጎት ተነስቶ መሀል ገባ። ሜትረን እሱን አላዩትም፤ ዓይናቸው ልጁ ላይ እንደተተከለ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቀጣዩን ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሐኪም በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ። ክርናቸውን ይዤ አወጣኋቸው። እንደ ላባ ቀለሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ልደርስበት ነበር እኮ፣ ታደለች» አሉኝ። ሰዉ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይመለሳሉ አልኳቸውና በሩን ዘጋሁት።

ሐሰን ከዚያ እንቅልፍ አልነቃም። ፀሐይ ዘወር ሳትል ትንፋሹ ቆመ። የዘሃራን ጩኸት አልጽፈውም። በየበረንዳው ግን ሴትዮዋ ጠርታው ሄደ እየተባለ ወሬው ዞረ፤ ቤተሰቦች በሽተኞቻቸውን አቅፈው ሲወጡ አየሁ።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሜትረን ተመለሱ። ስርጉዱ በጣም ትንሽ ነበር፤ ድመት የተኛችበት ይመስላል። ግርጌው ቆመው ካቋረጡበት ቀጠሉ። «ላብህ ቀዝቃዛ ነው። ዝም ብለሃል። በደምህ ውስጥ የሚገባው ኩዊኒን ነው። ኩዊኒን ስኳር ይጥላል።» ቆሙ። «ስኳርህን አልለካንም።»

ይኸው ነበር የቀራቸው። ጣቱን ወግቶ መለካትና ጥቂት ግሉኮስ ከልጆች ክፍል ለምኖ መስጠት ነበር። እሳቸውም አስቀድመው አያውቁትም ነበር፤ እያወሩ ነው የሚደርሱበት። እኔ ደግሞ ሄጄ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ገለጥኩ። ኩዊኒን ስኳር እንደሚያወርድ ተጽፏል፤ ከሥሩ በእርሳስ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ልጁ አጠገብ ቆሜ ግን አልመጣልኝም። ማወቄ ምንም አልፈየደም፤ ካለበት የሚጠራው ድምፅ ያስፈልገው ነበር፣ ድምፁን ደግሞ አስወጥተን በር ዘጋንበት። ልቤ ተሰበረ። ዛሬም እንደተሰበረ ነው።

ሜትረን ከዚያ ወዲያ አልጋ አላናገሩም። ከአስተዳደር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸውን ያስቆማቸው ግን እሱ አይመስለኝም። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ እንደ በፊቱ ሳይሰሙ ይመጣሉ፣ ባዶ አልጋ ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ጡረታ ሲወጡ ባምባሲ ከእህታቸው ልጅ ከብርቱካን ጋር መኖር ጀመሩ። እኛም አልጋ በቶሎ ማንጠፍ ቀጠልን። ክፍሉ ንጹሕ ነበር።

እኔ ወደ ጾሬ ሄድኩ፣ የስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ። ሕክምናው በዚያ መሀል ተለዋወጠ፤ በኩዊኒን ፈንታ አርቲሱኔት የሚባል መርፌ መጣ። ሥልጠናውን ወስጄ ለሌሎች አስተማርኩ። አዲስ መመሪያ ሲመጣ እንደ ደብዳቤ ጠብቄ የማነበው እኔ ሆንኩ። ጸጥ ያለ ሕፃን ካየሁ ሳልጠየቅ ስኳሩን እለካለሁ፤ ባልደረቦቼ አፌዙብኝ። አልጋ ማናገሩንም በስርቆት ጀመርኩት። ማንም እንዳይሰማኝ በሺናሽኛ ነው የማወራው፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ። ሰዉ የምጸልይ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ ከድንበር ማዶ የመጡ አሮጊት ከጎን አልጋ ሆነው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፤ የሚመልስልሽ ማነው አሉኝ። ማንም አልኳቸው። አስተርጓሚው መልሱን ሲነግራቸው ሳቁ። ከዚያ የተናገሩትን ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ ስጎተጉተው ዓይኑን ሰብሮ ነገረኝ። «ይመልስልሻል፤ አንቺ ቶሎ ትሄጃለሽ እንጂ እኔ እሰማዋለሁ ነው የሚሉት» አለ። ያን ዕለት ሌላ አልጋ ሳላናግር ወጣሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ወደ ድሮው ሆስፒታል ተመለስኩ፣ የሴቶች ክፍል ኃላፊ ሆኜ። ያን ጊዜ ነው ብርቱካን ሜትረንን ያመጣቻቸው።

አላወቅኋቸውም ነበር። ዓይናቸው ይከፈታል፣ አያይም። ቃል አይወጣቸውም፣ ያጉረመርማሉ። እጃቸው ግን አያርፍም፤ አየሩን ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ያጥፋሉ። አንሶላ የሚያነጥፉ ይመስላል፤ የማይታይ አልጋ ላይ የማይታይ አንሶላ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገብቷል። ድሮ የጠሯቸው ሙታን ሊወስዷቸው መጥተው አልጋ እያነጠፉላቸው ነው ተባለ። ጎረቤት የተኙት ሴቶች አልጋችን ይራቅልን ብለው ለመኑኝ፤ አራቅኋቸው። ምን ላድርግ።

ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው እዚህ የለም፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል አለ። ግሉኮስ ተተከለ፣ ስኳሩ ተለካ፣ ደህና ነው፤ ወባም የለም። አንሶላቸው ስለሚርስ እኔና ሐዋ የምትባለው ነርስ ቶሎ ቶሎ እንቀይራለን። ሐዋ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ልበ ሙሉ። አልተሻላቸውም። ብርቱካን ከዘመድ ተማክራ መጣችና ቤታቸው ልውሰዳቸውና በሰላም ይረፉ፣ መኪና ለምኛለሁ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል አለችኝ። መኪናው ከመጣ ሜትረን አበቁ ማለት ነው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ልብሳቸውን በፌስታል ስትሸክፍ ግርጌያቸው ቆምኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ በአቋቋሜ አወቀች።

«ሲስተር፣ ይተዉት» አለችኝ። «በሕይወት እያለች እሷ ላይ እንዳያደርጉት። ያኔ ያ ልጅ ምን እንደሆነ አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ ከየአልጋቸው ቀና ብለው ያዩኛል። ብናገርና ቢሞቱስ ብዬ ፈራሁ፤ ያን ወሬ ስስቅበት ኖሬ ያን ጊዜ አመንኩት ማለት ይቻላል። ሐዋ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ማንም እንዳያስወጣኝ መሆኑ ገባኝ።

«ሜትረን» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። «ዓይንዎ ይከፈታል፣ አያየኝም። እጅዎ አያርፍም። ስኳርዎን ለካሁ፣ ደህና ነው። ትኩሳት የለዎትም። እግርዎም እጅዎም እኩል ይንቀሳቀሳል፣ ፊትዎ አልተጣመመም። አንሶላዎን ቀየርኩ። እንደገና ቀየርኩ።» ዝም አልኩ። ጸጥታው ያንኑ ቃል መልሶ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። «አንሶላው ሁልጊዜ ርጥብ ነው፣ ግን ትንሽ ትንሽ ነው። በትንሽ በትንሹ ነው የሚያርሰው። ሙሉ በሙሉ ርሶ አያውቅም። ታዲያ የገባው ግሉኮስ ሁሉ የት ሄደ?»

ይህን ስል እጃቸው አየሩን መጎተት አቆመ። ይኼን ሁላችንም አየን።

ሮጬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩና እጄን ሆዳቸው ላይ አሳረፍኩ። ከእምብርታቸው በታች እንደ እርጉዝ ተወጥሯል። ሽንታቸው ተዘግቶ የሚያርሰው ሞልቶ የሚፈሰው ብቻ ነበር፤ እኛ ደግሞ ይሸናሉ ብለን አንሶላ እንቀይራለን። ብርቱካንን ምን መድኃኒት ትሰጫቸዋለሽ አልኳት። ለእግራቸው ማቃጠል ከፋርማሲ የተሰጣቸውን ክኒን ከፌስታሉ አወጣች። አሚትሪፕቲሊን ነው። በአረጋውያን ላይ ሽንት እንደሚይዝና አእምሮ እንደሚያዛባ አንድ ሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ ነበርና እያንቀላፋሁ፣ ግን ሰምቼዋለሁ። እስክጠራው ድረስ ውስጤ ተኝቶ የቆየው ይህ እውቀት ነበር።

ሐዋ የሽንት ቱቦውን፣ ካቴተሩን፣ አቀበለችኝ። ከረጢቱ ሞላ፤ አፈሰስነው፣ እንደገና ሞላ። ሐኪሙ መጣ፣ ክኒኑ ይቁም አለ፣ የተጠራቀመው ሽንት ላመጣው ኢንፌክሽን መድኃኒት አዘዘ። መኪናው ሲመጣ ብርቱካን ወጥታ መለሰችው።

ወዲያው አልተነሱም። በመጀመሪያ እጃቸው አረፈ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ደጋግሜ እየነካኋቸው ላባቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ስኳራቸውን ሳይ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ስገባ ቁጭ ብለው ገንፎ ይበላሉ። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አዩትና ቁልፍሽ ተፈቷል አሉኝ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

የሚወጡበት ቀን ብርቱካንን ተደግፈው ከአልጋው ወረዱ። እኔ አንሶላውን ገፍፌ አዲሱን ይዤ ስመጣ ግርጌው ቆመዋል፣ ድሮ ይቆሙበት በነበረው ቦታ።

«በይ አናግሪው» አሉኝ።

«ሜትረን፣ እርስዎ እኮ እዚህ ቆመዋል።»

«ስለቆምኩ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አልጋ ሳናግር መልሱን ከባለቤቱ ሰምቼ አላውቅም።»

ሴቶቹ ተሰብስበው ያያሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። ስፖንጁ ላይ ጀርባቸው ያረፈበት ስርጉድ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ባለቤቱ ከጎኔ ሆኖ ቅርጹ ከዚያ ሲነሳ ማየት ምን እንደሚመስል እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ያየሁትን አየሁ አልኩ፣ ያደረግሁትንም ተናገርኩ። አንሶላ ቀያየርኩ ካልኩ በኋላ እንደ ደንቡ ዝም አልኩ።

ሜትረን በአልጋው ፈንታ መለሱ።

«አዎ፣ ቀየርሽ» አሉ። «እጅሽ ይሰማኝ ነበር። ሆዴን፣ ሆዴን እያልኩ ልብሱን ስጎትት እጄን ትመልሽዋለሽ። አንሶላውን ነበር የምታይው። አንድም ጊዜ ፊቴን አላየሽውም። እየነገርኩሽ ነበር፣ ታደለች።»

አልጋ ያነጥፋሉ ያልነው እጅ እየለመነን ነበር። በዚያ ቅጽበት ያነጠፍኳቸው አልጋዎች ሁሉ፣ የፓዌው፣ የጾሬው፣ የሐሰንም፣ እንደዚህ ቢመልሱልኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ለሚቀጥለው ሰው ምን እንደማደርግ መናገር ሲቀረኝ ሜትረን እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«እሱን ለእኔ አትንገሪኝ» አሉ። «በይ አንጥፊው። አንዲት ሴት ቆማ እየጠበቀችሽ ነው።»

ዞሬ በሩን አየሁ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ብርቱካንም አየች፣ ሐዋም አየች፣ ማንም የለም። ሜትረን ግን ደህና ሁኑ ብለው፣ በዚያ በማይሰማ ጫማቸው ወጥተው ሄዱ። እኔና ሐዋ ሳንነጋገር አንሶላውን ዘረጋን። የመጨረሻውን ጫፍ ስናጥፍ ከውጭ የሰው ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ወንዶች አንዲት ሴት ደግፈው ገቡ፣ ልብሷ በደም ርሷል። ሐዋ ወደ ደሙ ተንደረደረች። እኔ አንሶላውን ለቀቅሁና የሴትዮዋን ፊት አየሁ።